ያገለገለ መካከለኛ ክሮስኦቨር ተሽከርካሪ አስተማማኝነት አመዛዘን በወረታና በፎገራ ሜዳ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ያገለገለ ተሽከርካሪ በገበያ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በአምራቹ ስም፣ በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብና በዋጋው ነው። ይህ ጽሑፍ እነዚህ ሦስት መመዘኛዎች በወረታ ከተማና በዙሪያዋ ባለው የፎገራ ሜዳ ለሚያገለግል መካከለኛ ክሮስኦቨር ለምን በቂ እንዳልሆኑ ይመረምራል። መነሻው አስተማማኝነት በተሽከርካሪው አሠራር ብቻ የሚወሰን አለመሆኑ ነው፤ ያሳለፈው ታሪክ፣ የሚሠራበት መሬትና መለዋወጫው የሚገኝበት ርቀትም አብረው ይወስኑታል። በዚህ መሠረት የአካባቢውን ጎርፍ፣ ጥቁር አፈር፣ ከፍታና ዳገት ግምት ውስጥ ያስገባ የምዘና ቅደም ተከተል ቀርቧል።

ቁልፍ ቃላት፦ አስተማማኝነት፣ ዝግጁነት፣ ያገለገለ ተሽከርካሪ፣ ክሮስኦቨር፣ ፎገራ፣ ወረታ

1. መግቢያ

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ከሚያመራው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። የፎገራ ሜዳ በምሥራቅ በጉና ተራራ ተዳፋት፣ በምዕራብ በጣና ሐይቅ ይዋሰናል፤ ርብና ጉማራ ወንዞችም ያቋርጡታል። ሜዳው በሩዝ ምርቱ የታወቀ ሲሆን ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በዚሁ ይገኛል። በእንዲህ ያለ አካባቢ የእህል ነጋዴው፣ የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛውና ከሩዝ ሽያጭ ጥሪት የቋጠረው ገበሬ የሚሹት ተሽከርካሪ ተመሳሳይ ነው፤ በአስፋልት ላይ እንደ ቤት መኪና የሚመች፣ ወደ ቀበሌ ሲወጣ ደግሞ ሆዱ መሬት የማይነካ።

በዚህ ጽሑፍ መካከለኛ ክሮስኦቨር የሚባለው አካሉና ሻንሲው አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ፣ ሞተሩ ከ2.0 እስከ 2.7 ሊትር ገደማ የሆነና አምስት ወይም ሰባት ሰው የሚጭን ተሽከርካሪ ነው። ቶዮታ ራቭ-4፣ ኒሳን ኤክስ-ትሬይል፣ ሀዩንዳይ ቱሳንና ሳንታፌ እንዲሁም ኪያ ስፖርቴጅ በኢትዮጵያ ገበያ የታወቁ ምሳሌዎች ናቸው። እነዚህ ከላንድክሩዘርና ከፒካፕ የሚለዩት አካሉ የሚጫንበት ራሱን የቻለ የብረት ሻንሲ ስለሌላቸው ነው። ስለዚህ ከሥር የሚመጣ ምት፣ ጭቃና ዝገት በቀጥታ ተሸካሚውን አካል ይጎዳል።

ምርጫው በቅርብ ዓመታት ከብዷል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ወደ ሀገር ሲገቡ የሚከፈለውን ታክስ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ ከፍ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ከዚህ በኋላ በቤንዚን የሚሠራ ክሮስኦቨር የሚፈልግ ገዢ በዋናነት የሚመርጠው ቀድሞ ከገቡት መካከል ነው። እነዚህ ተሽከርካሪዎች ዕድሜያቸው ይገፋል፤ ከእጅ ወደ እጅ በተዛወሩ ቁጥርም የጥገና ታሪካቸው ከፊሉ ከቀድሞው ባለቤት ጋር ይቀራል። የተሳሳተ ምርጫ የአንድን ቤተሰብ የዓመታት ጥሪት ሊያጠፋ ይችላል። ምጥ የያዛትን እናት በሌሊት ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ለማድረስ የተጠራ ተሽከርካሪ መንገድ ላይ ሲቆም ደግሞ ጉዳቱ በገንዘብ አይተመንም።

2. ጽንሰ ሐሳባዊ ማዕቀፍ

በምሕንድስና ትርጉሙ አስተማማኝነት ማለት አንድ ዕቃ በተወሰነ ሁኔታ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ የሚጠበቅበትን ሥራ ያለ ብልሽት የመሥራቱ ዕድል ነው። በዕለት ንግግር «ይህ መኪና አስተማማኝ ነው» ሲባል «በተወሰነ ሁኔታ» የሚለው ሐረግ ይዘለላል። በጃፓን ከተማ አስፋልት ወይም በአሜሪካ ሰፊ ጎዳና ላይ የተገኘ የአስተማማኝነት ደረጃ የዚያ ሁኔታ ውጤት ስለሆነ ወደ ፎገራ ሲመጣ እንደገና መሰላት አለበት። የአካባቢው ገበሬ በሬ ሲገዛ ይህንኑ ያደርጋል። ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ይገምታል፤ አራምዶ አካሄዱን ያያል፤ ከማን ቤት እንደመጣም ይጠይቃል። የፎገራ የከብት ዝርያ የሚመረጠውም ውኃ የሚተኛበትን ሜዳ የለመደ በመሆኑ ነው።

የብልሽት ዕድል ከዕድሜ ጋር ያለውን ግንኙነት ለመግለጽ በሰፊው የሚሠራበት ስዊድናዊው መሐንዲስ ዋሎዲ ዌይቡል እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው ጽሑፍ ያስተዋወቀው ስርጭት ነው። ስርጭቱ ሁለት ቁልፍ ቁጥሮች አሉት። አንደኛው የዕድሜ ልኬት ሲሆን ከአንድ ዓይነት ክፍሎች 63 በመቶ ያህሉ ተበላሽተው የሚገኙበትን ርቀት ያመለክታል። ሁለተኛው የቅርጽ ቁጥር ነው፤ ከ1 ሲያንስ ብልሽቱ በአዲስነት ወራት የሚበዛ፣ 1 ሲሆን በማናቸውም ዕድሜ እኩል የሚያጋጥም፣ ከ1 ሲበልጥ ደግሞ ከማለቅ የሚመጣ መሆኑን ያሳያል። ያገለገለ ተሽከርካሪ ገዢን የሚያሳስበው በዋናነት ሦስተኛው ነው።

ለማሳያ ያህል የቅርጽ ቁጥሩ 3፣ የዕድሜ ልኬቱ 250 ሺህ ኪሎ ሜትር የሆነ አንድ የተሽከርካሪ ክፍል ይታሰብ። ቁጥሮቹ የስሌቱን ጠባይ ለማሳየት የተመረጡ እንጂ ከመስክ የተሰበሰቡ አይደሉም። ክፍሉ 80 ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከሆነ ተጨማሪ 50 ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይበላሽ የመሄዱ ዕድል 90 በመቶ ገደማ ነው። ቆጣሪው 80 ሺህ ቢያሳይም እውነተኛው ርቀት 150 ሺህ ከሆነ ዕድሉ ወደ 74 በመቶ ይወርዳል። ከዚህም በላይ የሚቀጥለው ጉዞ በአስቸጋሪ መሬት ላይ ሆኖ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር እንደ 1.4 ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ቢሆን ዕድሉ 63 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። የብልሽት ሥጋቱ ከ10 ወደ 26፣ ከዚያም ወደ 37 በመቶ አደገ ማለት ነው። በሦስቱም ስሌቶች የአምራቹ ስምና የክፍሉ ሥሪት አልተለወጠም፤ የተለወጡት ታሪኩና መሬቱ ናቸው።

3. ገበያው የሚያሳያቸው ምልክቶችና ወሰናቸው

3.1 ዋጋ። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው የታወቀ ጽሑፍ ሻጩ ከገዢው የበለጠ በሚያውቅበት ያገለገለ መኪና ገበያ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ከገበያ ሊያስወጣ እንደሚችል አሳይቷል። ገዢው ለመለየት ስለማይችል አማካይ ዋጋ ያቀርባል፤ የደህና መኪና ባለቤት በአማካይ ዋጋ መሸጥ ስለማይፈልግ ይተወዋል። በኢትዮጵያ ሁኔታ ላይ ሌላ ችግር ይታከልበታል። ዋጋው የተሽከርካሪውን ይዞታ ብቻ ሳይሆን ታክሱን፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱንና የገቢ ክልከላውን ተሸክሟል። ስለዚህ አንድ ተሽከርካሪ ከዓመታት በፊት ከተገዛበት በላይ መሸጡ አለመጎዳቱን አያረጋግጥም።

3.2 የኪሎ ሜትር ቆጣሪ። ዲጂታል ቆጣሪ በቀላል መሣሪያ ሊለወጥ ስለሚችል ንባቡ ከሌሎች ምስክሮች ጋር መነጻጸር አለበት። የፍሬን ፔዳል ጎማ መላጨት፣ የመሪው መለስለስ፣ የሹፌሩ ወንበር ጠርዝ መሰበርና የበር ማጠፊያ መላላት ከረዥም አገልግሎት የሚመጡ ናቸው። ቆጣሪው 80 ሺህ እያሳየ ፔዳሉ እስከ ብረቱ ካለቀ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ፔዳሉ ብቻ አዲስ ሆኖ ዙሪያው አሮጌ ከሆነም ምክንያቱ መጠየቅ አለበት።

3.3 ሊብሬና ሰሌዳ። ሊብሬ የባለቤትነትና የመታወቂያ ሰነድ ነው። በሰሌዳ ተከታታይ ፊደል «አዲስ ነው» ማለት የተለመደ ቢሆንም ፊደሉ የሚጠቁመው በኢትዮጵያ የተመዘገበበትን ጊዜ እንጂ የተመረተበትን ዓመት አይደለም። የምርት ዓመቱን ለማጣራት የሻንሲ ቁጥሩ ይነበባል። ለአሜሪካ ገበያ በተመረቱት ላይ ባለ 17 ቦታ መለያ ውስጥ 10ኛው ቦታ የሞዴል ዓመት ነው፤ ለጃፓን የሀገር ውስጥ ገበያ የተመረቱት ግን አጭር የሻንሲ ቁጥር ስላላቸው ይህ አነባበብ አይሠራባቸውም። የደኅንነት ቀበቶው ላይ የተሰፋው የምርት ቀንና በመስተዋቶቹ ጥግ ያለው ምልክት ተጨማሪ ማስረጃ ይሰጣሉ። ጎማዎች የራሳቸው ቀን አላቸው፤ ለምሳሌ በጎናቸው ላይ የሚነበበው 3519 በ2019 እ.ኤ.አ. 35ኛው ሳምንት መመረታቸውን ያመለክታል።

3.4 የአምራች ስም። ዝና የሚሰጠው ለስሙ ነው፤ ብልሽት የሚደርሰው ግን በአንድ ሞተር፣ በአንድ ካምቢዮና በተወሰኑ የምርት ዓመታት ላይ ነው። ራቭ-4 በጥንካሬው የታወቀ ቢሆንም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በተመረቱ አንዳንድ ባለ 2.4 ሊትር ሞተሮቹ ላይ ከፒስቶንና ከፋሻ የሚመጣ የዘይት መብላት ታይቷል፤ አምራቹም በአሜሪካ ገበያ ለዚሁ ችግር ዋስትናውን አራዝሟል። ኒሳን በሰሜን አሜሪካ ከ2003 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ሞዴል ለሆኑ ሲ.ቪ.ቲ. ካምቢዮ ላላቸው ተሽከርካሪዎቹ የካምቢዮውን ዋስትና ወደ 10 ዓመት አሳድጓል። ሀዩንዳይና ኪያም እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2017 በአሜሪካ ከቢየላ ብሮንዚን ጉዳት ጋር በተያያዘ ባለ 2.0 እና ባለ 2.4 ሊትር ሞተር ያላቸውን በርካታ ተሽከርካሪዎች ለጥገና ጠርተዋል፤ ሳንታፌ ስፖርትና ስፖርቴጅ ከነዚሁ መካከል ይገኙበታል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የሚወሰደው ትምህርት አንዱን አምራች ማመስገን ወይም ሌላውን መንቀፍ አይደለም። ገዢው «ራቭ-4 ነው ወይ?» ከማለት ይልቅ «የትኛው ሞተር፣ የትኛው ካምቢዮ፣ የትኛው የምርት ዓመት፣ ለየትኛው ገበያ የተሠራ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ለጥገና የተጠራ ተሽከርካሪ ጥገናውን በትውልድ ገበያው አግኝቶ ከሆነ ካልተጠራው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ሳያገኝ ወደ ሌላ ሀገር ከተሸጠ ግን ጉድለቱን ይዞ ይመጣል።

4. የፎገራ ሜዳ ልዩ ጫናዎች

4.1 ጎርፍ። ርብና ጉማራ በክረምት ከዳርቻቸው ወጥተው ሜዳውን ያጥለቀልቃሉ። በ1998 እና በ2012 ዓ.ም. ክረምቶች የደረሱት ጎርፎች ብዙ ነዋሪዎችን አፈናቅለዋል። ክሮስኦቨር ሽቦዎቹና መቆጣጠሪያ ሣጥኖቹ ብዙ ጊዜ ከምንጣፍ ሥርና ከወንበር በታች ስለሚያልፉ ውኃ ወለሉን ካለፈ ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል። የሽቦ መጋጠሚያው ቀስ እያለ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ከወራት በኋላም ምክንያቱ የማይታወቅ የኤሌክትሪክ ብልሽት ይጀምራል። የጊዜው አቀማመጥም ልብ ሊባል ይገባል። ጎርፉ በሐምሌና በነሐሴ ይደርሳል፤ የሩዝ ገንዘብ ወደ ገበሬው እጅ የሚገባው ከኅዳር ወዲህ ነው። በመካከሉ ያሉት ወራት የራሰ ተሽከርካሪን አድርቆና አጥቦ ለገበያ ለማቅረብ ይበቃሉ።

4.2 ዋልካ። የሜዳው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከፓራፋንጎ ውስጥና ከአካሉ መጋጠሚያ ሥር የተጠቀጠቀ የዋልካ ጭቃ ርጥበቱን ለረዥም ጊዜ ይይዛል፤ ዝገት የሚጀምረውም በዚያ ተሸፍኖ ባለው ቦታ ነው። ሲደርቅ የሚፈጥረው ጉድጓድና ስንጥቅ ደግሞ ጎሚኒውን፣ ቴስቲናውንና የቸርኬ ኩሽኔታውን ያለማቋረጥ ይመታል።

4.3 የበጋ አቧራ። በበጋ የገጠሩ መንገድ አቧራ ከሩዝ መፈልፈያዎች ብናኝ ጋር ይደባለቃል። የሩዝ ቅርፊት በተፈጥሮው ሲሊካ የበዛበት ስለሆነ ብናኙ ሻካራ ነው። የአየር ፊልትሮው ሽፋን በሚገባ ካልገጠመ ይህ ብናኝ ወደ ሲሊንደር ገብቶ ፋሻውን ይበላል። ፊልትሮውን በአየር እያራገፉ ደጋግሞ መጠቀም ወረቀቱን ስለሚያሳሳ ችግሩን ያባብሰዋል።

4.4 ከፍታ። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው መጠን የተቃረበ ጉልበት ያጣል። ይህ ለመርማሪው ሁለት ውጤት አለው። አንደኛ፣ የኮምፕሬሽን መለኪያ ንባብ ከጥገና መጽሐፉ ጋር በቀጥታ ሊነጻጸር አይገባም፤ በባሕር ወለል 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር በወረታ ከ9.5 እስከ 10 ባር ቢያሳይ የሚጠበቅ ነው። ከጠቅላላው ንባብ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት የበለጠ ይናገራል። ሁለተኛ፣ ንጹሕ ውኃ በወረታ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ፣ በደብረ ታቦር ደግሞ በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተውና በውስጡ በማቀዝቀዣ ፈሳሽ ፋንታ ተራ ውኃ ካለ ማራገቢያው በቅጡ ሥራውን ሳይጀምር ውኃው ሊፈላ ይችላል። «ሞተሩ ይሞቃል» ተብሎ የተናቀ ተሽከርካሪ ክዳኑ ብቻ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ በተቃራኒው ደጋግሞ የሞቀ ሞተር የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ ተጎድቶ በሜዳ ላይ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል።

5. የምዘና ቅደም ተከተል

ቅደም ተከተሉ የተዘጋጀው ወጪው ዝቅተኛ የሆነው ምርመራ እንዲቀድም ነው። በአንዱ ደረጃ ከባድ ጉድለት ከተገኘ ወደሚቀጥለው ማለፍ አያስፈልግም።

5.1 ሰነድ። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በአካል ካለው ጋር ይመሳከራል። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራና የሚለጠፈው ቦሎ ተሽከርካሪው በዚያ ቀን ለጉዞ ብቁ መባሉን ያሳያል፤ ስለሚቀጥለው 50 ሺህ ኪሎ ሜትር ግን የሚናገረው የለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዲሆን፣ ገዢም ዕቃውን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ስለሆነም ሻጩ የተናገረው ኪሎ ሜትር፣ የአደጋ ታሪክና የሞተር መቀየር በውሉ ላይ በጽሑፍ መስፈር ይኖርበታል።

5.2 ቁም ምርመራ። ምርመራው ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ተሽከርካሪው ሳይታጠብ ቢሆን ይመረጣል። የደኅንነት ቀበቶው እስከ መጨረሻው ሲሳብ ውስጡ የተጠቀለለው ክፍል የጭቃ መስመር ካለበት፣ የወንበሩ ሐዲድ ከዛገ፣ የስኮርታ ማስቀመጫው ሥር ደቃቅ ጥቁር አፈር ካለ ወይም በፊት መብራቶቹ ውስጥ የውኃ ምልክት ከታየ ጎርፍ እንደገባ መጠርጠር ይገባል። ምንጣፉ ብቻ አዲስ ከሆነም ጥርጣሬው ይጠናከራል። ላሜራው በማግኔት ሲፈተሽ የማይስብ ቦታ ስቱኮ የተሞላ መሆኑን ይጠቁማል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ከሆነ የመሪው ዘንግ፣ የፍሬን መስመሩና የአየር ከረጢቱ በተለይ ይመረመራሉ።

5.3 ፈሳሾች። የኋላ ዲፈረንሻል ሞቆ እያለ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ስለሚጨማተር በመተንፈሻው በኩል ውኃ ይስባል። ስለዚህ ባለ አራት ጎማ ጉልበት ክሮስኦቨር ሲመረመር የዲፈረንሻሉ ዘይት ወተት መምሰሉን ማየት በፎገራ ሊታለፍ የማይገባ ምርመራ ነው። የሞተር ዘይት መጠን፣ የካምቢዮ ዘይት ቀለምና የመቃጠል ሽታ፣ በራዲያተር ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቅባት አብረው ይታያሉ።

5.4 የኮምፒውተር ንባብ። የብልሽት ኮድ አለመገኘቱ ብቻውን መልካም ዜና አይደለም። ኮዱ ከጥቂት ሰዓታት በፊት ተሰርዞ ከሆነ ተሽከርካሪው በራሱ የሚያካሂዳቸው የውስጥ ፍተሻዎች «አልተጠናቀቁም» ተብለው ይታያሉ። ኮድ የሌለበትና ፍተሻዎቹም ያልተጠናቀቁ ተሽከርካሪ ለጥቂት ቀናት ከተነዳ በኋላ እንደገና መነበብ አለበት።

5.5 የዳገት ሙከራ። ወረታ ለዚህ ምርመራ የተመቸች ናት። ከከተማዋ እስከ ደብረ ታቦር ያለው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ወደ 900 ሜትር ይወጣል። በሜዳው ላይ በዝግታ የሚደረግ አጭር ጉዞ ደካማ ማቀዝቀዣን፣ የደከመ ካምቢዮንና ያለቀ ፋሻን ሊደብቅ ይችላል፤ ረዥሙ ዳገት ግን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይፈትናል። ተሽከርካሪው ሊጭን ከታሰበው ሰው ጋር ይወጣል። የሙቀት መርፌው ይጠበቃል፤ አውቶማቲክ ካምቢዮ መንሸራተቱ ወይም ሲ.ቪ.ቲ. ሞቆ ጉልበት መቀነሱ ይታያል፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ በሌላ ሰው ይታዘባል። በመልሱ ቁልቁለት ፍሬን ሲያዝ መሪው ቢንቀጠቀጥ የፍሬን ዲስኩ ወጥነት ማጣቱን ያመለክታል። ሞተር ታስሮ ለረዥም ጊዜ ከተወረደ በኋላ ነዳጅ ሲሰጥ ሰማያዊ ጭስ ከታየ ዘይት ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው። ከጉዞው በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩ ውኃ ቀንሶ ከተገኘ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ መመርመር አለበት።

6. ከአስተማማኝነት ወደ ዝግጁነት

አስተማማኝነት ተሽከርካሪው በየስንት ጊዜው እንደሚበላሽ ይናገራል። ባለቤቱን ግን እኩል የሚያሳስበው ከተበላሸ በኋላ ስንት ቀን እንደሚቆም ነው። ሁለቱን የሚያጣምረው መለኪያ ዝግጁነት ይባላል፤ በብልሽቶች መካከል ያለው አማካይ ጊዜ ለዚያው ጊዜና ለጥገናው ጊዜ ድምር ሲካፈል ይገኛል። አሁንም ለማሳያ በተመረጡ ቁጥሮች፣ አንድ ተሽከርካሪ በየ120 ቀኑ ተበላሽቶ በ2 ቀን ቢጠገን ዝግጁነቱ 98 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሌላው በየ300 ቀኑ ብቻ ተበላሽቶ መለዋወጫ ፍለጋ 30 ቀን ቢቆም ዝግጁነቱ 91 በመቶ ነው። ሁለተኛው በአስተማማኝነት ይበልጣል፤ በዓመት ውስጥ ቆሞ የሚውልባቸው ቀናት ግን ከመጀመሪያው አምስት እጥፍ ይበልጣሉ።

ለወረታ ባለቤት ይህ ልዩነት ተጨባጭ ነው። ዘይት፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራና ጎሚኒ በከተማዋ ወይም በባሕር ዳር ሊገኙ ይችላሉ። የካምቢዮ መቆጣጠሪያ ሣጥን ወይም ለአንድ ሞዴል ብቻ የተሠራ ሴንሰር ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው አዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራና ከመሰል ገበያዎች ሊፈለግ ይችላል። ስለዚህ ገዢው ከመወሰኑ በፊት ሦስት ነገሮችን በአካባቢው ማጣራት ይጠቅመዋል፤ ያንኑ ሞተርና ካምቢዮ ፈትቶ የገጠመ መካኒክ መኖሩን፣ ለሞዴሉ የሚሆን የኮምፒውተር ማንበቢያ መሣሪያ መኖሩን፣ ቶሎ የሚያልቁት ክፍሎች በስንት ቀን እንደሚደርሱ። የብዙ ሰው ምርጫ በአንድ ሞዴል ላይ መሰብሰቡ የራሱ ጥበብ የሚኖረውም በዚህ ነው። ተሽከርካሪው ከሌሎች ባይሻል እንኳ መለዋወጫውና መካኒኩ ቅርብ ይሆናሉ።

7. ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

ያገለገለ ክሮስኦቨር አስተማማኝነት ከአምራቹ ስም ተነሥቶ የሚገመት ቢሆንም በስሙ ላይ ተመሥርቶ ሊወሰን አይገባም። ስም የመነሻ ግምት ይሰጣል፤ ሰነድ፣ ቁም ምርመራ፣ የኮምፒውተር ንባብና የዳገት ሙከራ ግምቱን ያርማሉ፤ የመለዋወጫ ቅርበት ደግሞ ውሳኔውን ይቋጫል። በፎገራ ሜዳ ከዚህ ሁሉ ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገቡት የጎርፍ ምልክት፣ የዲፈረንሻል ዘይትና የማቀዝቀዣ ሥርዓት ናቸው፤ ሦስቱም በአነስተኛ ወጪ የሚመረመሩ ሲሆኑ ሲታለፉ ግን ከፍተኛ ጉዳት ያስከትላሉ።

ለገዢዎች የሚሰጠው ምክር ከጠቅላላ በጀቱ የተወሰነውን ክፍል ለግዢ ሳያውሉ ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ማስቀመጥ ነው፤ ያለውን ጥሪት በሙሉ ከፍሎ የተገዛ ተሽከርካሪ የመጀመሪያው ብልሽት ሲደርስበት የሚጠገንበት ስለሌለው በዝግጁነት ከርካሹ ያንሳል። ለተመራማሪዎች ደግሞ የሚከፈት የሥራ መስክ አለ። በወረታና በባሕር ዳር ያሉ ጋራዦች የተቀየረውን ክፍል፣ የቆጣሪውን ንባብ፣ የሞተሩን ዓይነትና ተሽከርካሪው ቆሞ የቆየባቸውን ቀናት በአንድ ቅጽ ቢመዘግቡ በዚህ ጽሑፍ ለማሳያ ብቻ የቀረቡት የቅርጽ ቁጥር፣ የዕድሜ ልኬትና የመሬት ጫና አኃዞች በመስክ መረጃ ሊተኩ ይችላሉ። አዲስ የቤንዚን ተሽከርካሪ በማይገባበት ሁኔታ ያሉት ስንት ዓመት እንደሚያገለግሉ ማወቅ ከግለሰብ ገዢ አልፎ ለትራንስፖርት ዕቅድም አስፈላጊ ነው።